«ይቅርታ በለው» ይበቃ ይሆን? የሌላን ስሜት መጋራትን በቅድመ አንደኛ ደረጃ ክፍል ስለ ማስተማር

አኅጽሮተ ጽሑፍ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ዕድሜያቸው ከ4 እስከ 6 ዓመት የሆኑ ሕፃናት የሌላን ስሜት መጋራትን በክፍል ውስጥ እንዴት እንደሚማሩ በምርምር የተደረሰበትን መመርመርና ግኝቱ ለኢትዮጵያ የቅድመ አንደኛ ደረጃ ክፍሎች ያለውን ፋይዳ ማመላከት ነው። ጽሑፉ የተመሠረተው በታተሙ ጥናቶች ንባብና ንጽጽር ላይ ነው። ከንባቡ የተገኘው ዋና ሐሳብ ሕፃናት ስሜት የመጋራት ዝንባሌን ይዘው ወደ ክፍል የሚመጡ መሆናቸው፣ የመምህሩ ድርሻም ዝንባሌውን ከባዶ መፍጠር ሳይሆን ከሌላው ሕፃን እውነተኛ ሁኔታ ጋር ማገናኘት መሆኑ ነው። በዚህም መሠረት በትእዛዝ የሚባል ይቅርታ ብቻውን ደካማ መሣሪያ እንደሆነ፣ የድርጊትን ውጤት ማስረዳት፣ ልጁን መጠየቅና የተበላሸውን እንዲጠግን ማድረግ ግን የተሻለ መሠረት እንዳላቸው ጽሑፉ ያሳያል። በመጨረሻም ስሜት መጋራት የራሱ አድልዎ ያለበት በመሆኑ በክፍል ደንብ መደገፍ እንደሚያስፈልገው ያመለክታል።

ቁልፍ ቃላት፦ ስሜት መጋራት፣ አዘኔታ፣ ቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርት፣ ምክንያት አስረጂ ተግሣጽ፣ ይቅርታና ካሳ

1. መግቢያ

በአንድ የ«ኦ» ክፍል ውስጥ የሚከተለው ቢያጋጥም ለየትኛውም የሕፃናት መምህር እንግዳ አይሆንም። አንድ የአምስት ዓመት ልጅ ቆርኪ በቆርኪ ላይ እየደረደረ ግንብ ይሠራል። ሌላው በአጠገቡ ሲያልፍ በእግሩ ይመታውና ግንቡ ይፈርሳል። ባለ ግንቡ ያለቅሳል። መምህርቷ ትመጣና «ይቅርታ በለው» ትላለች። አጥፊው ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «ይቅርታ» ይላል። «በሉ ተጨባበጡ» ተብሎ ነገሩ ይዘጋል። ቆርኪዎቹ ግን እንደ ተበተኑ ናቸው፤ የተበደለውም ልጅ ልቅሶውን አልጨረሰም።

በዚህ አጭር ትዕይንት መምህርቷ ያደረገችው ክፉ ነገር የለም። ጠቡን አብርዳለች፤ የጨዋነትን ቃል አስተምራለች። ጥያቄው ሁለቱ ሕፃናት ከሁኔታው ምን ተምረው ወጡ የሚለው ነው። አጥፊው የተማረው የጓደኛውን ኀዘን ማየትን ነው ወይስ አንዲት ቃል ተናግሮ ከመምህርት ቁጣ ማምለጥን? ተበዳዩስ የተማረው ኀዘኑ በሌሎች ዘንድ እንደሚታይ ነው ወይስ ቃሉ ከተባለ በኋላ ማልቀስ እንደማይፈቀድ?

በኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. በትምህርት፣ በጤና ጥበቃና በሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች የወጣው የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት አገር አቀፍ የፖሊሲ ማዕቀፍ የሕፃናትን ሁለንተናዊ ዕድገት ግቡ ያደርጋል። ከዚያ ወዲህ በመደበኛ ትምህርት ቤቶች ውስጥ የሚከፈቱት የ«ኦ» ክፍሎች በመስፋፋታቸው ወደ ትምህርት የሚገባው ሕፃን ቁጥር እጅግ ጨምሯል። ይሁንና «ሁለንተናዊ ዕድገት» የሚለው ሐረግ ውስጥ የተካተተው ማኅበራዊና ስሜታዊ ዕድገት በክፍል ውስጥ በተግባር ሲተረጎም ብዙ ጊዜ የሚቀረው ከላይ እንደተገለጸው ባለ የግማሽ ደቂቃ ክንውን ሆኖ ነው። ስለዚህም ይህ ጽሑፍ በዚያች ግማሽ ደቂቃ ውስጥ ምን ማስተማር እንደሚቻል ይፈትሻል። እዚህ ላይ የተጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

2. የጽንሰ ሐሳቡ ምንነት

በእንግሊዝኛ «ኢምፓቲ» የሚባለው ቃል የቆየ አይደለም። የሥነ ልቡና ሊቁ ኤድዋርድ ቲችነር በ1909 ከጀርመንኛ «አይንፊውሉንግ» ተርጉሞ አስገባው። የጀርመንኛው ቃል በመጀመሪያ የዋለው ሥነ ጥበብን የሚያይ ሰው ራሱን ወደሚያየው ነገር የሚያስገባበትን ሁኔታ ለመግለጽ ነበር።

በአማርኛ ይህን ጽንሰ ሐሳብ ልክ በልክ የሚተካ አንድ ቃል ማግኘት ቢያስቸግርም ቋንቋው ግን በነገሩ ድኻ አይደለም። ርኅራኄ፣ አዘኔታ፣ ሆደ ቡቡነት የሚሉት ስሞች አሉ፤ «አንጀቴን በላው»፣ «ሆዴ ተላወሰ» የሚሉት አነጋገሮችም የሌላው ሕመም በራስ አካል ውስጥ የሚሰማ መሆኑን ይናገራሉ። ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀው ሰው ሲደናቀፍ ወይም ሲወድቅ ከአጠገቡ ካለው ሰው አፍ የሚወጣው «እኔን!» የሚለው ቃል ነው። ትርጉሙ ሲፈታ «በአንተ ፈንታ እኔ ልሁን» ማለት ነው። ሕፃናት ይህን ቃል ገና አፋቸውን ሳይፈቱ ጀምሮ ይሰሙታል። ስለዚህ በአማርኛ ተናጋሪ ማኅበረሰብ ውስጥ ራስን በሌላው ቦታ ማስቀመጥ በትምህርት ቤት የሚጀመር እንግዳ ዕውቀት አይደለም።

ለጥናት ሲባል ግን ተቀራራቢ የሆኑ ሦስት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። ናንሲ አይዘንበርግና ባልደረቦቿ ባካሄዷቸው ተከታታይ ጥናቶች የሚከተለው ልዩነት ተቀምጧል። የመጀመሪያው ስሜት መጋራት ነው፤ ይኸውም የሌላውን ስሜት ከማየት ወይም ከመረዳት የተነሣ ያንኑ የሚመስል ስሜት ሲሰማ ነው። ሁለተኛው አዘኔታ ነው፤ ይህም ለሌላው ሰው ደኅንነት ማሰብን ይይዛል። ሦስተኛው የራስ ጭንቀት ነው፤ በዚህኛው ተመልካቹ በሌላው ሕመም ተጨንቆ የሚፈልገው ራሱን ከጭንቀቱ ማውጣት ነው። አዘኔታ የተሰማው ሕፃን ወደ ተጎዳው ይቀርባል፤ የራስ ጭንቀት ያየለበት ግን ጆሮውን ይደፍናል፣ ይሸሻል ወይም አብሮ ያለቅሳል። በክፍል ውስጥ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ጓደኛው ሲያለቅስ ፊቱን የሚያዞር ሕፃን ልበ ደንዳና ስለሆነ ሳይሆን ስሜቱ ከአቅሙ በላይ ሆኖበት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ሕፃን ከወቀሳ ይልቅ የሚያረጋጋው ሰው ይሻል።

3. ሕፃናት ወደ ክፍል ይዘውት የሚመጡት

ማርቲን ሆፍማን (2000) የስሜት መጋራትን ዕድገት በደረጃ ከፍሎ ያስረዳል። አዲስ የተወለደ ሕፃን የሌላ ሕፃን ልቅሶ ሲሰማ ያለቅሳል። አንድ ዓመት አካባቢ የሆነው የሌላውን ሕመም አይቶ ራሱ የተጎዳ ይመስል ወደ እናቱ ይሸሻል። ጥቂት ወራት ቆይቶ ደግሞ ሊያጽናና ይሞክራል፤ የሚያጽናናው ግን ራሱን በሚያጽናናው ነገር ነው። ጓደኛው ሲያለቅስ የጓደኛው እናት እዚያው እያለች የራሱን እናት እጇን ይዞ የሚያመጣ ሕፃን የዚህ ደረጃ ምሳሌ ነው። ልቡ ቀና ነው፤ የጎደለው ሌላው ሰው ሌላ ፍላጎት ያለው መሆኑን ማወቅ ነው።

ይህ ዕውቀት ቀስ በቀስ ይመጣል። ቤቲ ረፓኮሊና አሊሰን ጎፕኒክ (1997) ባደረጉት ሙከራ አጥኚዋ በሕፃናቱ ፊት ብስኩት ስትቀምስ የመጠየፍ፣ ብሮኮሊ ስትቀምስ ደግሞ የመደሰት ፊት አሳየች። ከዚያም እጇን ዘርግታ እንዲሰጧት ጠየቀች። የ14 ወር ሕፃናት ራሳቸው የሚወዱትን ብስኩት ሲሰጧት፣ የ18 ወር ሕፃናት ግን እርሷ የወደደችውን ብሮኮሊ ሰጧት። ፊሊክስ ቫርነከንና ማይክል ቶማሴሎ (2006) ደግሞ የ18 ወር ሕፃናት አንድ ትልቅ ሰው የወደቀበትን ዕቃ ማንሣት ሲያቅተው አይተው፣ ማንም ሳያዝዛቸውና ሳይሸልማቸው አንሥተው እንደሚሰጡት አሳይተዋል።

ይሁን እንጂ የሌላውን ሰው ሐሳብ፣ በተለይም የተሳሳተ እምነቱን መረዳት ጊዜ ይወስዳል። ሃይንዝ ቪመርና ዮሴፍ ፐርነር (1983) በሠሩት የታወቀ ሙከራ አንድ ልጅ ያስቀመጠው ቸኮሌት እርሱ በሌለበት ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራል፤ ሕፃናቱም ልጁ ሲመለስ ቸኮሌቱን የት እንደሚፈልግ ይጠየቃሉ። ይህንና ይህን የመሰሉ ጥያቄዎችን ሕፃናት በትክክል መመለስ የሚጀምሩት በአራት ዓመት አካባቢ ነው።

ከእነዚህ ግኝቶች ለመምህር የሚተርፈው ፍሬ ነገር ግልጽ ነው። የ«ኦ» ክፍል ሕፃን የመርዳት ፍላጎትንም ሆነ የሌላውን ስሜት የማየት ችሎታን ይዞ ይመጣል። ያልጠነከረው ሁለቱን ማገናኘቱ ነው፤ ይኸውም በንዴት፣ በጨዋታ ግለትና በፉክክር መካከል ቆም ብሎ የራሱ ድርጊት በሌላው ላይ ያደረሰውን ማየት ነው። ትምህርቱ መግባት ያለበት እዚህ ላይ ነው።

4. በጥናት የተፈተኑ መንገዶች

4.1 ምክንያት አስረጂ ተግሣጽ

ሆፍማን ሕፃንን ለመገሠጽ የሚያገለግሉ ሦስት መንገዶችን ለይቷል፦ ኃይልን መጠቀም፣ ፍቅርን መንፈግና ድርጊቱ በሌላው ላይ ያስከተለውን ማስረዳት ናቸው። የመጨረሻው እዚህ ላይ «ምክንያት አስረጂ ተግሣጽ» ተብሏል። ካሮሊን ዛን ዋክስለር፣ ማሪያን ራድኬ ያሮውና ሮበርት ኪንግ (1979) ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ተኩል የሆኑ ሕፃናት ባሏቸው ቤተሰቦች ባደረጉት ጥናት፣ ልጁ ያደረሰውን ጉዳት ስሜት ባለው ድምፅ በግልጽ የሚያስረዱ እናቶች ልጆች የበደሉትን ለመካስ የበለጠ እንደሚነሣሡ ተመልክተዋል። ያለ ማብራሪያ የሚሰጥ ክልከላ ይህን ውጤት አላሳየም።

የዚህ መንገድ ጥንካሬ የልጁን ዓይን ከመምህሩ ፊት ወደ ጓደኛው ፊት ማዞሩ ነው። «ለምን እንዲህ አደረግህ?» የሚለው ጥያቄ አጥፊውን ስለ ራሱ መከላከያ እንዲያስብ ያደርገዋል። «እየው፤ ያን ሁሉ ጊዜ የደከመበት ነበር፤ ፈረሰበትና ከፋው» የሚለው አነጋገር ግን የሚያሳየው የተበደለውን ነው። በአንጻሩ ኃይል ያየለበት ተግሣጽ ሕፃኑን ስለ ራሱ እንዲፈራ ያደርገዋል፤ የፈራ ሕፃን ደግሞ ስለ ሌላው ለማሰብ ፋታ የለውም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶች ከአካላዊ ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ከሕግ ባሻገር ሲታይ የሚመታ መምህር ስለ ርኅራኄ ቢያስተምር ትምህርቱን በእጁ ያፈርሰዋል።

4.2 ይቅርታና ካሳ

በመግቢያው ወደ ተነሣው ጥያቄ የሚያደርሱ ሁለት ጥናቶች አሉ። ክሬግ ስሚዝና ባልደረቦቹ (2018) ከ4 እስከ 9 ዓመት ያሉ ልጆች በፈቃድ የተባለ ይቅርታንና በትልቅ ሰው ግፊት የተባለ ይቅርታን እንዴት እንደሚያዩ መርምረዋል። በተለይ ከ7 ዓመት በላይ የሆኑት በግፊት የተባለውን ይቅርታ የተበደለውን ሰው ስሜት ለማቃናት ደካማ አድርገው ቆጥረውታል። ማሪሳ ድረልና ቪክራም ጃስዋል (2016) ደግሞ ከ6 እስከ 7 ዓመት የሆኑ ልጆች የሠሩት የኩባያ ግንብ በሌላ ሰው እጅ እንዲፈርስ አድርገው ምላሻቸውን አጥንተዋል። ይቅርታ መባሉ አጥፊውን በበጎ ዓይን እንዲያዩት ረድቷል፤ የተበደሉት ልጆች ራሳቸው የተሻለ ስሜት የተሰማቸው ግን አጥፊው ግንቡን መልሶ ለመገንባት ሲያግዛቸው ነው።

እነዚህ ግኝቶች ይቅርታን ማስተማር ከንቱ ነው አያሰኙም። ቃሉ የማኅበራዊ ሕይወት ቁልፍ ነው፤ ሕፃንም ሊያውቀው ይገባል። የሚያመለክቱት ቅደም ተከተልን ነው። መጀመሪያ ማየት፣ ቀጥሎ መጠገን፣ በመጨረሻ ቃሉ ሲመጣ ይቅርታ ትርጉም ያገኛል። ቃሉ ፊት ከቀደመና እዚያው ላይ ከተቆመ ግን ማየቱም መጠገኑም ይቀራል። በኢትዮጵያ ባህል ሽማግሌ ተቀምጦ ሲያስታርቅ እርቅ ያለ ካሳ እንደማይጸና የሚታወቅ ነው፤ ለአዋቂ የሚታመንበት ሥርዓት ለሕፃንም በአቅሙ ሊሠራ የማይችልበት ምክንያት የለም።

4.3 ተረትና ጥያቄ

ጁዲ ደንና ባልደረቦቿ (1991) በሦስት ዓመታቸው በቤተሰባቸው ውስጥ ስለ ስሜት ብዙ የሚወራላቸው ልጆች በስድስት ዓመታቸው የሌላውን ስሜት ይበልጥ እንደሚለዩ አሳይተዋል። ሴሊያ ብራውኔልና ባልደረቦቿ (2013) ከዚህ አንድ እርምጃ አልፈው ወላጆች ለሕፃናት የሥዕል መጽሐፍ ሲያነቡ ምን እንደሚሉ አጠኑ። ቶሎ የሚረዱና የሚያካፍሉ ሆነው የተገኙት ወላጆቻቸው በመጽሐፉ ውስጥ ያለውን ሰው ስሜት እንዲሰይሙና እንዲያብራሩ የሚጠይቋቸው ሕፃናት ናቸው። ስለ ስሜት ማውራት ብቻውን አልበቃም፤ ልዩነቱን ያመጣው ልጁ ራሱ እንዲናገር መጋበዙ ነው።

ይህ ለአማርኛ የተረት ልማድ የተመቸ ነው። «ተረት ተረት» ሲባል «የመሠረት» ብሎ የሚመልስ አድማጭ ከመጀመሪያውም የተረቱ ተካፋይ ነው። መምህሩ ተረቱን መሐል ላይ ገታ አድርጎ «አሁን ጅቡ ምን የሚል ይመስላችኋል?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። በእርግጥ ብዙዎቹ የእንስሳት ተረቶች የተሠሩት ለብልጦች በማድላት ነው። ጦጣ ጅብን ታታልላለች፤ አድማጭ ይስቃል፤ የተታለለው ጅብ የሆነውን የሚጠይቅ የለም። ሕፃናት በጦጣ ብልጠት መሳቃቸውን መከልከል ተረቱን መግደል ይሆናል። ሳቁ ካለፈ በኋላ ግን «ጅቡስ?» ብሎ መጠየቅ አንዱን ነገር ከሁለት ወገን ማየትን ያለማምዳል፤ መልሱ አንድ ባለመሆኑም ልጆች እርስ በርስ ይከራከራሉ።

የጥያቄው ቋንቋም ጥንቃቄ ይሻል። ከውጭ የተተረጎሙ መመሪያዎች ብዙ ጊዜ «ምን ተሰማህ?» ብሎ መጠየቅን ያዝዛሉ። ለአራት ዓመት ሕፃን ይህ የመጽሐፍ ቋንቋ ነው። በአማርኛ ያዘነን ልጅ የሚቀርቡት «ምን ሆንሽ?»፣ «ከፋሽ?»፣ «ማን ምን አለህ?» እያሉ ነው። «ከፋኝ»፣ «ደበረኝ»፣ «ጨነቀኝ»፣ «ደስ አለኝ»፣ «ቀናሁ»፣ «አፈርኩ» የሚሉት ግሦች ሕፃናት ከቤታቸው ይዘዋቸው የሚመጡ ናቸው። የስሜት መዝገበ ቃላት መገንባት ያለበት ከእነዚህ ተነሥቶ ነው።

4.4 የተዘጋጁ መርሐ ግብሮች

ስሜት መጋራትን ለማስተማር ተብለው ከተዘጋጁት መርሐ ግብሮች መካከል በሰፊው የሚታወቀው ሜሪ ጎርደን በ1996 በካናዳ ቶሮንቶ የጀመረችው «የስሜት መጋራት ሥሮች» የተባለው ነው። በዚህ መርሐ ግብር አንድ ጨቅላ ከወላጁ ጋር በትምህርት ዘመኑ 9 ጊዜ ያህል ወደ ክፍል ይመጣል፤ ተማሪዎች መሬት ላይ በተነጠፈ ምንጣፍ ዙሪያ ተቀምጠው ሕፃኑ ምን እንደፈለገ፣ ለምን እንዳለቀሰ፣ ምን አዲስ ነገር እንደቻለ ይመለከታሉ። ጨቅላው መናገር ስለማይችል ስሜቱ ከፊቱና ከአካሉ መነበብ አለበት፤ የትምህርቱ ፍሬም ይህ ነው። ስለ መርሐ ግብሩ በተደረጉ ጥናቶች የጠብ አጫሪነት መቀነስ ጎልቶ ታይቷል፤ ተማሪዎች ስለ ራሳቸው ስሜት መጋራት በሰጡት ምላሽ ላይ ግን ተመሳሳይ ለውጥ ሁልጊዜ አልተገኘም።

ሊሳ ፍሉክና ባልደረቦቿ (2015) በዊስኮንሲን ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀ የደግነት ሥርዓተ ትምህርት በ68 የቅድመ መደበኛ ሕፃናት ላይ ፈትነዋል። ትምህርቱ 12 ሳምንታት የቆየ ሲሆን የተሳተፉት ሕፃናት በመምህራን ግምገማ በማኅበራዊ ችሎታ መሻሻል አሳይተዋል። ያልተሳተፉት በጊዜ ብዛት ተለጣፊ ሥዕሎችን ለራሳቸው ይበልጥ ወደ ማስቀረት አዘንብለዋል።

4.5 ስለ ሽልማት አንድ ማስጠንቀቂያ

ደግ ሥራ ለሠራ ልጅ ኮከብ ወይም ከረሜላ መስጠት በብዙ ክፍሎች የተለመደ ነው። ቫርነከንና ቶማሴሎ (2008) በ20 ወር ሕፃናት ላይ ባደረጉት ሙከራ ለረዱበት ቁሳዊ ሽልማት የተሰጣቸው ሕፃናት ሽልማቱ ሲቋረጥ ከሌሎቹ ያነሰ ረድተዋል። ምስጋና ብቻ የተሰጣቸው ግን አልቀነሱም። ሽልማቱ ከሕፃኑ ልብ የመነጨውን ምክንያት አስለቅቆ ራሱ ምክንያት ይሆናል። እንግዲህ «ጎበዝ፣ ከረሜላ ውሰድ» ከማለት ይልቅ «ስላነሣሽላት ደስ አላት፤ ፊቷን እዪው» ማለቱ ልጁን ወደ ሥራው ውጤት ይመልሰዋል።

5. የኢትዮጵያ ክፍል ዕድልና ፈተና

ከላይ የተጠቀሱት ጥናቶች በአብዛኛው የተደረጉት በቤተ ሙከራ ወይም በቤተሰብ ውስጥ እንጂ ብዙ ሕፃናት በተሰበሰቡበት ክፍል አይደለም። በኢትዮጵያ ብዙ የ«ኦ» ክፍሎች አንዲት መምህርት ብዙ ሕፃናትን ብቻዋን ትይዛለች፤ ጊዜዋም ለፊደልና ለቁጥር የተመደበ ነው። ለእያንዳንዱ ጠብ ረጅም ውይይት እንድታደርግ መጠየቅ ፍትሐዊ አይሆንም። ስለዚህ የሚበጀው ሌላ ክፍለ ጊዜ መጨመር ሳይሆን እርሷ ያለዚያም የምትናገረውን ጥቂት ቃል መለወጥ ነው። «ይቅርታ በለው» እና «እየው፤ ምን ሆነ? ምን ብታደርግለት ይሻለዋል?» በሚሉት መካከል ያለው የጊዜ ልዩነት ጥቂት ሴኮንድ ነው።

በሌላ በኩል ሌላ ቦታ በቀላሉ የማይገኝ ዕድል አለ። በኢትዮጵያ ከቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ማድረሻ ስልቶች አንዱ «ከልጅ ለልጅ» የሚባለው ነው። በዚህ ስልት ከፍ ያሉ ተማሪዎች በመምህር እየተመሩ ለትምህርት ያልደረሱ የሰፈራቸውንና የቤታቸውን ሕፃናት በጨዋታ ያዘጋጃሉ። ታናናሾችን ማዘል፣ ማባበልና ማብላት በብዙ ቤቶች የታላላቆች የዕለት ሥራ በመሆኑ፣ የቶሮንቶው መርሐ ግብር በምንጣፍ ላይ ሊያሳይ የሚሞክረውን ብዙ ኢትዮጵያዊ ሕፃናት በጀርባቸው ተሸክመው ያውቁታል። ይህ ዕውቀት ግን በትምህርት ቤት እንደ ዕውቀት አይቆጠርም። «ታናሽሽ ስታለቅስ እንዴት ታባብያታለሽ?» የሚል ጥያቄ በክፍል ውስጥ ቢነሣ፣ ፊደል ለመለየት የምትቸገር ሕፃን አዋቂ ሆና የምትናገርበት ጊዜ ይሆንላታል።

ስለ ወንዶች ልጆችም የሚነሣ ነገር አለ። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» የሚለው አነጋገር ከቤት ወደ ክፍል ይዘልቃል። የራሱን ኀዘን መሰየም የተከለከለ ሕፃን የሌላውን ኀዘን ለመሰየም ቃል ያጣል። ስለዚህ መምህሩ ለሚያለቅስ ወንድ ልጅ «አይዞህ» ብሎ «ዝም በል» አለማለቱ ራሱ ለክፍሉ ሁሉ ትምህርት ነው።

6. የስሜት መጋራት ወሰን

ስሜት መጋራት ብቻውን ፍትሕን አያመጣም። ፖል ብሉም (2016) እንደተከራከረው ይህ ስሜት ቅርብ ለሆነውና ለሚመስለን ሰው ያደላል። አድልዎው የሚጀምረውም በጠዋቱ ነው። ካትሪን ኪንዝለር፣ ኢማኑኤል ዱፑና ኤሊዛቤት ስፔልኪ (2007) የ5 ዓመት ሕፃናት የራሳቸውን ቋንቋ በራሳቸው የአነጋገር ቃና የሚናገረውን ልጅ ለጓደኝነት እንደሚመርጡ አሳይተዋል። ብዙ ቋንቋ በሚነገርበት አገር ይህ የንድፈ ሐሳብ ጉዳይ አይደለም። ከሌላ አካባቢ የመጣች፣ የክፍሉን ቋንቋ ገና ያልያዘች ሕፃን በዕረፍት ሰዓት ዳር ላይ ብትቆም፣ ማንም አልመታትምና የሚጠራ ጠብ አይኖርም፤ «ይቅርታ» የሚባልበትም በደል አይታይም። ይሁንና በክፍሉ ውስጥ ካለው ኀዘን ሁሉ የእርሷ ሊበልጥ ይችላል።

ለዚህ ዓይነቱ ሁኔታ የሕፃናትን በጎ ስሜት መጠበቅ አይበቃም። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ትምህርት ቤቶች ታስተምር የነበረችው ቪቪያን ፔሊ በአጸደ ሕፃናት ክፍሏ «አትጫወትም ማለት አይቻልም» የሚል ደንብ አውጥታ የሆነውን በ1992 ባሳተመችው መጽሐፍ ዘግባለች። ደንቡን ከማጽናቷ በፊት ከሕፃናቱና ከትልልቆቹ ክፍሎች ተማሪዎች ጋር ስለ ፍትሐዊነቱ ተወያይታለች። የመጽሐፉ ትምህርት ደንብ ስሜትን እንደማይተካ፣ ነገር ግን ስሜት ያልደረሰበትን ሕፃን እንደሚጠብቅ ነው። ደንቡ በሩን ይከፍታል፤ አብሮ መጫወት ትውውቅን ያመጣል፤ ትውውቅም ስሜት መጋራትን ያሰፋል።

ለተመራማሪዎች ደግሞ የልኬት ጥያቄ አለ። መምህር ራሱ ያስተማረውን ራሱ ሲመዝን ውጤቱ ወደሚጠብቀው ያዘነብላል። ተለጣፊ ሥዕል ማካፈል መለገስን እንጂ ስሜት መጋራትን ለይቶ አይለካም። ሕፃናት ለቃል መጠይቅ የሚሰጡት መልስ ደግሞ ትልቁን ሰው ለማስደሰት ሊሆን ይችላል። በመሆኑም ጠብ፣ ልቅሶና መገለል በተፈጥሯዊ ሁኔታ ሲከሰቱ በዕረፍትና በጨዋታ ሰዓት የሚደረግ ምልከታ፣ ስለ ትምህርቱ በማያውቅ ተመልካች ሲመዘገብ፣ ከሌሎቹ የተሻለ ማስረጃ ይሰጣል።

7. ማጠቃለያና ምክረ ሐሳብ

ከላይ ከቀረበው ንባብ የሚከተሉት ነጥቦች ይገኛሉ። አንደኛ፣ ሕፃናት የመርዳት ዝንባሌን ይዘው ይመጣሉ፤ ትምህርቱ ዝንባሌውን ከሌላው ሕፃን እውነተኛ ሁኔታ ጋር ያገናኛል። ሁለተኛ፣ ለዚህ የሚመቸው ጊዜ ጠብና ልቅሶ የተከሰተበት ቅጽበት ነው። ሦስተኛ፣ በዚያ ቅጽበት ማየት፣ መጠገንና ይቅርታ ማለት በዚህ ቅደም ተከተል ቢሄዱ ይበልጥ ትርጉም ይኖራቸዋል። አራተኛ፣ ደንብ የሌለበት ስሜት መጋራት ቅርብ ለሆነው ያደላል።

በዚህ መሠረት የቅድመ አንደኛ ደረጃ መምህራን ማሠልጠኛ ተቋማት የግጭት ጊዜ አነጋገርን በተግባር ልምምድ ቢያካትቱ፣ የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች የስሜት ቃላትን ከውጭ ከመተርጎም ይልቅ ሕፃናት በየአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ከሚጠቀሙባቸው ቢያሰባስቡ፣ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችም በ«ኦ» ክፍሎችና በ«ከልጅ ለልጅ» ቡድኖች ውስጥ ሕፃናት እርስ በርስ የሚጽናኑበትን ሁኔታ በምልከታ ቢመዘግቡ ጠቃሚ ይሆናል። በተለይ «እኔን» እና «አይዞህ» የሚሉትን ቃላት ሕፃናት በስንት ዓመታቸው፣ ለማንና በምን ሁኔታ እንደሚጠቀሙባቸው መመርመር ለአገርኛው የዕድገት ጥናት ጥሩ መነሻ ነው።

በመግቢያው የተጠቀሰችው መምህርት ዳግመኛ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማት ከአጥፊው ጎን በርከክ ብላ «እየው፤ ምን ሆነ?» ብትለው፣ ልጁም ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ካየ በኋላ ጎንበስ ብሎ አንዲት ቆርኪ ቢያነሣና ለባለቤቷ ቢዘረጋ፣ ይቅርታው ገና ሳይነገር ተጀምሯል።